አራት ሰዓት ላይ ወደ ኋላ

በጡረታ ሽኝቴ ዕለት ኃላፊያችን አቶ ሄኖክ ማይክሮፎኑን ጨብጦ፣ «እትዬ የሺመቤት በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው ስንቱን እንግዳ በረሃ አውርደው፣ አንድም ሰው ሳይጎዳባቸው የመለሱ እናት ናቸው» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እኔ አላጨበጨብኩም። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገውልኝ «እስቲ አንድ ነገር ይበሉ» ሲሉኝ ብድግ አልኩና፣ «የተባለው ልክ አይደለም። አንድ ሰው ሞቶብኛል። አህመዴ ይባላል» አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው የመዝገብ ቤቷ ልጅ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ፣ «ኧረ እትዬ፣ ዛሬን እንኳ ይተዉት» አለችኝ። አልተውኩትም። ሰው ጡረታ ሲወጣ ልክ እንደ ሟች ነው የሚወደሰው፤ እኔ ደግሞ ገና አልሞትኩም። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ሽኝቴን ራሴ እንዳበላሸሁት ያወራሉ። ያውሩ። ይህን የምጽፈው እነሱ ያላወሩትን ለማውራት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እጀምራለሁ።

መካነ ሰላም ብርዳም ከተማ ናት። እዚህ ጋቢ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ምዕራብ ቢሄድ፣ አገሩ እንደ ዳቦ ተቆርሶ የሚያልቅበት አፋፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በታች የዓባይ በረሃ ነው። በረሃው ውስጥ፣ ሣር እንኳ ተቆጥሮ በሚበቅልበት ቀይ መሬት ላይ፣ ከቤት የሚበልጡ፣ አንዳንዶቹም ከባሕር ዛፍ የሚረዝሙ ድንጋዮች ለየብቻቸው ቆመዋል። የአገሩ ሰው «ቋሚዎቹ» ይላቸዋል። ክርስቲያኑ ሙሽራ አስጠብቀው በየመንገዱ ሲጠጡ የተረገሙ ሚዜዎች ናቸው ይላል። ሙስሊሙ ደግሞ አዛን እየሰሙ ያልቆሙ ነጋዴዎች ናቸው ይላል። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ፤ በሁለቱም ታሪክ ጥፋቱ ሰዓት አለማክበር ነው።

የእኔ ሥራ እንግዳን በአንድ ቀን አውርዶ፣ ቋሚዎቹን አሳይቶ፣ በዚያው ቀን ወደ መካነ ሰላም መመለስ ነበር። ታች ውሃ ስለሌለ ማደር የለም። ብዙ ሰው ይህ ሥራ መኪና መጥራትና የስም ዝርዝር መጻፍ ይመስለዋል። እኔም ሳልሠራው በፊት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት በጽሕፈት መኪና ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ በየሦስት ዓመቱ እየተቀየረ ማኅተም ስንቀርጽ ነው የኖርነው። የመጀመሪያው አለቃዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደብዳቤ ሲያስጽፈኝ ነጠላ ሰረዙን እንኳ በቃሉ የሚነግረኝ ሰው ነበር። አንድ ቀን ድንጋዮቹን ሊያዩ የመጡ እንግዶችን የሚያወርደው ሠራተኛ ታሞ ቀረ። «እኔ ልሂድ» አልኩት።

«ሴት በረሃ አትወርድም» አለኝ።

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይውረዱ» አልኩት፤ ያውም በሰው ፊት። በወሩ ከላላ ወደምትባል ወረዳ ተዛወርኩ።

ከላላ ለቅጣት ተብሎ ቢሰጠኝም ትምህርት ቤቴ ሆነ። ገበያ ውሎ ወደየመንደሩ የሚመለሰው ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነው። በቅሎ ሲደክማት ጆሮዋ ምን እንደሚሆን፣ ጭነት ሲያዘነብል በየት በኩል እንደሚጠበቅ፣ ኮርቻ የላጠው ጀርባ ከሩቅ በአረማመድ እንደሚታወቅ እዚያ ተማርኩ። ቀጥሎ ደጎሎ ላኩኝ፤ እዚያ ደግሞ ሾፌሮችን ተማርኩ። «አሁን እንነሳለን» የሚለውን ሾፌርና በእውነት የሚነሳውን በምን እንደሚለዩዋቸው ገብስና ስንዴ የሚያስጭኑትን ነጋዴዎች ጠየቅኳቸው። «የሚነሳው ቁርሱን የጨረሰው ነው» አሉኝ። ይህን የሚያህል ነገር በሥልጠና ላይ ነግሮኝ የሚያውቅ የለም። ስለ ደመወዜ አላወራም፤ እሱም ስለ እኔ ብዙ አያወራም። መካነ ሰላም ስመለስ አለቃው ተቀይሮ፣ አዲሱ ወገቡን የሚያመውና ከወንበሩ መነሳት የማይወድ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ። «በረሃውን ለየሺ ስጧት» አለና ተገላገለ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ሼህ ይማም ናቸው። በቅሎ የሚያከራዩ፣ አባታቸው ቁርአን የሚያስቀሩ የነበሩ፣ እሳቸውም ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ልጆች ቁርአን የሚያስተምሩ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ሰዓት የሚባል ነገር እጃቸው ላይ አስረው አያውቁም። ዱላቸውን መሬት ላይ ያቆሙና ጥላውን ይለካሉ። የሶላትን ጊዜ ከአባታቸው የተማሩት እንደዚያ ነው፤ ከቋሚዎቹ የመመለሻውንም ጊዜ የሚያውቁት በዚያው ነበር። ጥላው አጥሮ የዱላውን ግማሽ ወደ መሆን ሲቃረብ፣ ፊታቸው የቆመው ባለሥልጣንም ይሁን ፈረንጅ፣ «በሉ፣ ቢስሚላህ» ብለው ጀርባቸውን ለድንጋዩ ይሰጣሉ። እኔ የእጅ ሰዓቴን ስመለከት ሁልጊዜ አራት ሰዓት ገደማ ነው።

አብሬያቸው በወረድኩበት በመጀመሪያው ቀን ፎቶ የሚያነሳ እንግዳ «አምስት ደቂቃ ብቻ» አለ። ነገርኳቸው።

«የሺዬ» አሉኝ፣ «አምስት ደቂቃው እዚህ ነው አምስት ደቂቃ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ አንድ ሰዓት ይሆናል። እንደሱ ብለሽ ንገሪው።»

ያን ጊዜ የሽማግሌ ግትርነት መሰለኝ። ስወርድ ስወጣ ግን ገባኝ። ገደሉ ፊቱን ወደ ምዕራብ የሰጠ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባው ስለሆነች ቁልቁለቱ ሁሉ ጥላ ነው፤ ነፋሱም ቀዝቃዛ ነው። እንግዳው እየዘፈነ ይወርዳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትዞርና ገደሉን ፊት ለፊት ትይዘዋለች፤ ጠዋት በእጅ ተይዞ የተወረደው ድንጋይ ከሰዓት አይነካም። ዘፋኙ ያን ጊዜ ዳገት ላይ ነው።

ስለዚህ የበረሃ የቀን ጉዞ ከመነሻው አይታቀድም፤ ከመመለሻው ተነስቶ ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው። በገደሉ ወገብ ላይ፣ ከአፋፉ በታችና ከበረሃው በላይ፣ ዋርካ ሜዳ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ግፋ ቢል በስድስት ተኩል፣ ዋርካው ጥላ ሥር መግባት አለብን፤ እዚያ ተበልቶ፣ ተተኝቶ፣ የቀረችው ዳገት ፀሐይ ከዘቀዘቀች በኋላ ትወጣለች። ከቋሚዎቹ እስከ ዋርካ ሜዳ ሽቅብ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እንግዲህ በአራት ሰዓት መመለስ ግድ ነው። በአራት ለመመለስ በሁለት ተኩል መድረስ፤ በሁለት ተኩል ለመድረስ ከአፋፉ በአሥራ ሁለት መውረድ፤ ለዚያ ደግሞ ከመካነ ሰላም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መነሳት። ይህን ሒሳብ ያስያዙኝ ሰዓት የሌላቸው ሰው ናቸው።

ሌላም ብዙ ነበራቸው። ውሃውን ለሁለት በቅሎ ይከፍሉታል፤ አንዷ ብትንሸራተት የሌላዋ ይተርፋል። የውሃ በቅሎ ከፊት አትሄድም፣ ከኋላም አትቀርም፣ መሐል ናት። ከመውረዳቸው በፊት የሰዉን ሁሉ ጫማ አስወልቀው ሶሉን ገልብጠው ያያሉ፤ አንድ ጊዜ የትልቅ ሰው ጫማ ገልብጠው «ይሄ ለምንጣፍ ነው» ብለው ሰውየውን አፋፉ ላይ አስቀርተውታል። ከሁሉም ከሁሉም ግን «እዚህች ጋ ናት» የሚለውን ንግግር ይጠሉ ነበር። የኛ አገር ሰው መንገድ ሲጠየቅ፣ እንግዳው እንዳይከፋው ብሎ ሩቁን ሁሉ «እዚህች ጋ» ያደርገዋል። ከበቅሎ ሰዎቹ አንዱ ለደከማት እንግዳ እንደዚያ ሲላት ሰምተው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ከዚህ እስከ ዋርካው ሁለት ሺህ እርምጃ አለ» አሉት። «ቁጥሩን ንገራት። በውሸት ጉልበቷን አትጨርስባት።»

ዋርካ ሜዳን ደግሞ ስንወርድ በመሐሏ አናልፍም። በውጭ በኩል ባለችው ቀጭን መንገድ ይዞሯታል። ከሩቅ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው እጃቸውን ያነሳሉ፤ አይቆሙም። መንደርተኛው ኩሩ ሽማግሌ ይላቸው ነበር። እሳቸው «ሲወርዱ ሰላምታ፣ ሲወጡ ማዕድ» ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። ወሎ ውስጥ ማዕድ የቀረበለት ሰው ቶሎ እንደማይነሳ ያውቃሉ።

ጉልበታቸው ሲደክም በቅሎዎቹን ለሰይድ፣ እንግዶቹን ለእኔ አስረክበው መውረድ ተዉ። ሰይድ ከወጣትነቱ ጀምሮ አብሯቸው የወረደ የበቅሎ ሰው ነው። እንግዲህ ብቻዬን መምራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው ጉዱ የደረሰው።

ያን ቀን ስድስት እንግዶች፣ ሰይድና አንድ ሌላ የበቅሎ ሰው፣ እኔም ነበርን። ዋርካ ሜዳን በጎን ልናልፍ ስንል አንድ ጎልማሳ ገበሬ ከዳስ ወጥቶ መንገዱን ዘጋ። አህመዴ ነው። የልጁ ኒካህ የታሰረበት ቀን ነበርና አዲስ ኩታ ለብሷል። የፊተኛዋን በቅሎ ልጓም ያዘ።

«እታለም፣ ወላሂ ዛሬስ ሳትቀምሱ አታልፏትም!»

«መርሃባ አህመዴ፣ ስንመለስ እንገባለን።»

«ደስታዬን ረግጠሽ? ሼህ ይማምንስ እሺ፣ አባታችን ናቸው ብለን ቻልናቸው። አንቺንም ናቀችን ይበሉሽ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንቺ ለብቻው ነው። በጉን ያረደው ጎረቤቴ ገብሬ ነው፤ ድስቱም የሱ ቤት ነው። አብሽሪ።»

በኛ አገር ሙስሊሙ ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ ክርስቲያን ያረደውን ለብቻ ያዘጋጃል፤ ክርስቲያኑም እንዲሁ። ይህ የኩራታችን ኩራት ነው፤ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ግን እንዲህ ላሰበልኝ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ለአለቃ ያልተበገርኩት ሴትዮ ለይሉኝታ እጄን ሰጠሁ። ገባን። ዱዓ ተደረገ፣ ተበላ፣ ተመረቀ፣ ደግሞ ተበላ። ግማሽ ሰዓት ያልነው አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ሆነ።

እዚያው ላይ ጉዞውን መሰረዝ ነበረብኝ። ሒሳቡን አውቀዋለሁ፤ አልጠፋብኝም። እንግዶቹ ከሩቅ መጥተው ሳያዩ ተመለሱ ማለት አፈርኩ። ልንወርድ ስንል ደግሞ አህመዴ «እንግዳዬን ሳልሸኝ አልቀርም» ብሎ ከነኩታው አብሮን ወረደ። ውሃውን የቆጠርኩት ለዘጠኝ ሰው ነው። አሥር ሆንን።

ቋሚዎቹ ጋ ስንደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ከዚያ የተነሳነው አምስት ሰዓት ሲሞላ ነው። ዳገቱን ሳንጋመስ ፀሐይዋ ዞረችብን። ውሃ ባደልኩ ቁጥር አህመዴ ኩባያውን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ሰው ያሳልፋል።

«ጠጣ እንጂ!»

«የእንግዳ ውሃ እንዴት ይጠጣል እታለም? እኔ የአገሩ ልጅ አይደለሁ እንዴ!»

ይስቃል። ሦስት ጊዜ አሳለፈው። ሦስቱንም ጊዜ እያየሁ፣ እሱን አስገድጄ በእንግዶቹ ፊት ላሳፍረው አልፈለግኩም። በአራተኛው እጁ ኩባያውን አልያዘም። «ሙሽራዋን ጥላ ላይ አስቀምጧት» ይል ጀመር። ቆዳው ደርቆ ይፋጃል። የቀረችውን ውሃ ራሱ ላይ አፈሰስን፣ ነጠላዬን አርጥቤ ሸፈንኩት፣ ሰይድ ደግፎት በቅሎ ላይ ጭነን ወጣን። ዋርካው ሥር ስናወርደው ሞቷል። ዳሱ ገና አልፈረሰም ነበር።

ሚስቱ ዘሃራ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «የአላህ ቀደር ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አለችኝ። የመንደሩ ሽማግሌዎችም እንደዚያው አሉ። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ «በድንገተኛ ሕመም» ብሎ ጽፎ ፋይሉን ዘጋው። ሁሉም ሊያጽናናኝ ተነሳ። ሼህ ይማም ብቻ አላጽናኑኝም። ቤታቸው ሄጄ ከልጓሙ እስከ ኩባያው አንድ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን ማንከባለል ያዙ።

«ቀደሩን ለአላህ ተዪለት» አሉ በመጨረሻ። «ሰዓቱ ግን ያንቺ ነበር። ውሃውም ያንቺ ነበር።»

እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። በዚያ ሳምንት ከሰማሁት ሁሉ እንደ ሰው የቆጠረኝ ያ ቃል ነው። «እንግዲያው ሥራውን ልተወዋ» ስላቸው ግን ተቆጡ።

«ማን ሊያወርዳቸው? ይሄ ያልደረሰበት ሰው?»

አልተውኩትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእጄ ኩባያ የተቀበለ ሰው ዐይኔ እያየ ጨርሶ ባዶውን ይመልሳል፤ ለሌላ ማሳለፍ የለም። ሊሸኘን የሚከተለን የመንደር ሰው ወይ ውሃችንን ይጠጣል፣ ወይ ከደጃፉ ይመለሳል። ስንወርድ ልጓም የሚይዝ ሰው ከመጣ በቅሎዋን ትቼለት እሄዳለሁ፤ አፍሮ ያመጣታል። ኩሩ አሉኝ፣ ክፉ አሉኝ፣ የሰው ማዕድ የምትጸየፍ አሉኝ። የመጨረሻው ያማል፤ ቢሆንም ቻልኩት። አንዱ አለቃ «እንግዳ በማስቀየም» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ፤ ሌላው የሥራ አፈጻጸሜን ዝቅ አደረገው። በኋላ ወደ ቢሮው በስልካቸው ብቻ የሚመሩ ልጆች መጡና መንገዱ ካርታ ላይ ስላለ እኔ እንደማላስፈልግ ነገሩኝ። መንገዱ ካርታው ላይ አለ፤ ፀሐይዋ ግን የለችም አልኳቸው። ሼህ ይማም ካለፉም በኋላ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ቋሚዎቹ ሥር የቆመ እንግዳ በእኔ እጅ አልነበረም።

ጡረታ በወጣሁ በአምስተኛው ወር አቶ ሄኖክ ደወለልኝ። ያው በሽኝቴ ላይ ያወደሰኝ ኃላፊ ነው። ከአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ያላቸው ባለሀብቶች ሊመጡ ነው፤ ቋሚዎቹን ካዩና ከወደዱ በየሳምንቱ እንግዳ ይልካሉ፤ እኔ እንድመራ ፈለገ። ማታውኑ ያሳተመውን ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። የሚያምር ወረቀት ነው። «ከጠዋቱ 2፡00 ከመካነ ሰላም መነሻ፣ አመሻሹ ላይ መመለስ» ይላል።

«ከድንጋዩ የሚመለሱት ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

«እሱማ እንደ እንግዶቹ ፍላጎት ነው፣ እትዬ።»

ወረቀቱን መለስኩለት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የሚነሱ ከሆነ፣ ሰዓቱም በእኔ እጅ ከሆነ እመራለሁ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ይፈልግ አልኩ። ፊቱን አጥቁሮ እሺ አለ። እንዲህ ባለ ወረቀት አንድ ጉዞ ከወጣ በየሳምንቱ እንደሚወጣ፣ በየሳምንቱ ከወጣ ደግሞ አንድ ቀን ሌላ አህመዴ በቅሎ ላይ ተጭኖ እንደሚመጣ ይታየኝ ነበር። የሄድኩት ለዚያ ነው እንጂ በረሃው ናፍቆኝ አይደለም፤ ጉልበቴም ከድንጋይ ጋር ከተጣላ ቆይቷል።

አሥር ሰዓት የተባለው አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ባለሀብቶቹ ቁርስ ካልበሉ አይነሱም ተባለ። አፋፉ ላይ ደግሞ አቶ ሄኖክ በካሜራ ፊት ንግግር አደረገ። እኔ ዝም ብዬ ጫማ ስገለብጥ ቆየሁ። ስንወርድ ግን ለሁሉም በግልጽ ነገርኳቸው። «የሄደው ሰዓት ከእናንተ ነው የሚቀነሰው። የትም ብንሆን በአራት ሰዓት እንመለሳለን» አልኳቸው። ሳቁ። ጥላው ደስ ብሏቸው ነበር፤ አንደኛው ይዘፍናል።

ዋርካ ሜዳን በውጭ በኩል ዞርናት። ዘሃራ፣ አሁን አሮጊት ሆናለች፣ ከደጇ ቆማ ከሩቅ ሰላምታዬን መለሰች። አልቆምኩም።

የመጨረሻዋን ኮረብታ ስንወጣ ቋሚዎቹ ድንገት ብቅ አሉ፤ ቀይ መሬት ላይ፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ፣ ጥላቸው አጥሮ። ባለሀብቶቹ «ውይ!» አሉ። እውነትም ያምራሉ፤ ስንት ጊዜ አይቻቸው አሁንም ደስ ይሉኛል። ሰዓቴን አየሁ። አራት ሰዓት።

«እዚህ ነው የምንመለሰው» አልኩ።

አቶ ሄኖክ የቀለድኩ መሰለው። «እትዬ፣ ይታያሉ እኮ! እዚህች ጋ ናቸው!»

«ለመሄድ ሩብ ሰዓት፣ ለፎቶ ግማሽ፣ ወደዚህች ኮረብታ ለመመለስ ሩብ። ይህ አንድ ሰዓት ነው። ዳገቱ ግማሽ ላይ ፀሐይዋ ታገኘናለች።»

«እንግዲያው እኔ በራሴ ኃላፊነት እሄዳለሁ» አለ ከባለሀብቶቹ ወፍራሙ።

«ኃላፊነትዎን ይዘው ይሂዱ። ውሃውን ግን አይወስዱም።»

አቶ ሄኖክ ጠጋ ብሎ ጥርሱን ነከሰ። «አያዋርዱኝ። ለወረዳው ስንት ነገር የሚያመጡ ሰዎች ናቸው። ኃላፊው እኔ ነኝ። ይህን በጽሑፍ ነው የምጠይቅዎት!»

«ጻፈው ልጄ» አልኩት። «ጡረተኛን ከምን ታባርረዋለህ?»

ሰይድን «አዙር» አልኩት። ሰይድ ወደ ኃላፊው ዞሮ እንኳ አላየም። አህመዴን ደግፎ ያወጣ ሰው ነው። የመጀመሪያዋን የውሃ በቅሎ አዞረ፣ ሁለተኛዋም ተከተለች፣ እኔም ከኋላቸው የመጣንበትን መንገድ ያዝኩ።

አልዞርኩም። ባይከተሉኝስ? በበረሃ ውሃ ነስቼ ከነአቶ ሄኖክ ስድስት ሰው ብገድልስ? ሃምሳ እርምጃ ቆጠርኩ። ሰማንያ። «ትንሽ ጠብቂ እንጂ፣ እታለም» አለኝ ሰይድ በቀስታ። «ብንጠብቅ ይሄዳሉ» አልኩት። መቶ ሲሞላ ከኋላዬ የጫማ ድምፅ፣ ከዚያም ስድብ ሰማሁ። እንደዚያን ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም። እየሰደቡኝ ተከተሉኝ፤ እየሰደቡኝ ኩባያዬን ጨርሰው መለሱ። ወፍራሙ ሰውዬ ሦስተኛው ዕረፍት ላይ መሳደቡን ትቶ መተንፈስ ብቻ ጀመረ። ዋርካው ሥር ስንገባ ስድስት ሰዓት ተኩል አልፎ፣ ፀሐይዋ ገደሉን ይዛለች፤ ሰውየው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መሬቱ ላይ ተዘረረ።

ዘሃራ እርጎ በቅል ይዛ ወጣች። ማንነቷን ከእኔና ከሰይድ በቀር የሚያውቅ የለም። አቶ ሄኖክ ላቡን እየጠረገ ዳኛ ያገኘ ያህል ወደሷ ዞረ።

«እናቴ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። ከዚያ ሁሉ አገር መጥተን፣ ድንጋዩ ደጃፍ ላይ ደርሰን፣ እኚህ ሴትዮ ሳናየው መለሱን!»

ዘሃራ ቅሉን በእጁ አስያዘችው።

«ድንጋዩማ የት ይሄዳል ልጄ?» አለችው። «የሄደው የኔ ባል ነው።»